ከወዲያ በኩል የሚነበበው መጽሐፍ

ባርሲስቱ ደሚቱ ማረፋቸውን የነገረችኝ ቦንቱ ናት። ቦንቱ እኔ ነቀምቴ ሳስተምር የአንደኛ ክፍል ልጅ ነበረች። አሁን ሰባተኛ ክፍል ገብታለች፤ ደብዳቤዋም አጭርና ቀጥተኛ ነው።

«ለተከበሩ ሚስ አስካለ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባርሲስቱ ማክሰኞ ጠዋት ዐርፈው ረቡዕ ተቀበሩ። ብዙ ሰው መጣ። ኢንስፔክተር የነበሩት ጎፍታ ገመቹ ከአዲስ አበባ የአበባ ጉንጉን ልከው ነበር። ሪባኑ ላይ ‹ለታማኝ ረዳቴ› የሚል ተጽፎበታል። እኔ ጉንጉኑን ገልብጬ አቆምኩት። ጽሑፉ ተዘቅዝቆ ዋለ። ሰዎቹ አዩት፤ ማንም ግን አልተቆጣኝም።»

ደብዳቤውን መሥሪያ ቤት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አነበብኩት። አላለቀስኩም። «ረዳቴ» የምትለዋን ቃል ግን ብዙ ጊዜ ተመልሼ አየኋት።

ስለ ሞተ ሰው መልካም መልካሙን ብቻ ተናገሩ ይባላል። ባርሲስቱ ይህን አባባል አይወዱትም ነበር። ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ «ሁላችሁም መልካሙን ካወራችሁ ማን እንደ ሞተ በምን ይለያል?» ይሉ ነበር። ስለዚህ እኔም ከቂማቸው እጀምራለሁ።

ባርሲስቱ በወለጋ ሰው አፍ «መምህርቷ» ማለት ነው። ደሚቱ ስማቸው ነው፤ በስማቸው ብቻ የሚጠራቸው ሰው ግን በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን በኋላ አመጣዋለሁ። አጭርና ቀጭን ሴት ነበሩ። ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ ጠብቀው ያስራሉ። የጣቶቻቸው ጫፍ ሁልጊዜ ሰማያዊና ቡናማ ነው። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከጀርባ ያያቸው ሰው የሚያለቅሱ ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት አብረን ወደ ገበያ ስንሄድ ቀጥታውን መንገድ ትተው በወንዙ በኩል መሩኝ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል።

«በዚያ በኩል ብንሄድ እኮ ቅርብ ነው» አልኳቸው።

«ቅርብ ነው።»

«ታዲያ?»

«በዚያ ግቢ አጥር ሥር አላልፍም። ምስለኔው ያባቴን በሬ ነድቶ ያስገባው እዚያ ነው።»

«ሰውየው አሁንም አሉ?»

«ከሞተ ሃያ ዓመቱ።»

«ታዲያ ቂሙ በማን ላይ ነው?»

ቆም ብለው አዩኝ። «ኢንታሎ» አሉኝ፤ «አንቺ ልጅ» ማለታቸው ነው። «እግሬ ይድከም እንጂ ቂሜ አይደክምም።» ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃውን ቀጠሉ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተመድቤ ነው የመጣሁት። አባቴ ጊምቢ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር አድጌበታለሁ፤ ቋንቋ አልቸገረኝም። የቸገረኝ አፌ ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ለማለት ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ እጠርጋለሁ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ይህን አይተው «አንቺ ብቻሽን ክፍል አትይዥም» አሉና ባርሲስቱ ክፍል አስገቡኝ። ክፍሉ ውስጥ አርባ ስምንት ልጆች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንድ መጽሐፍ ነበሩ።

መጽሐፉን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ወረቀቱ የሚሲዮኑ ሕንፃ ሲሠራ የተጣለ የስሚንቶ ከረጢት ነው። አራግፈው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ በዱቄት ሙጫ ሁለት ሁለቱን አጣብቀው፣ በጠፍር ሰፍተውታል። ጥቁሩ ቀለም ከሰል፣ ቡናማው የቡና አተላ፣ ሰማያዊው ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚጨመረው ዱቄት ነው። አንድም ፊደል የለበትም። በግራ ገጽ አንድ ነገር፣ በቀኝ ገጽ ተቃራኒው ተሥሏል። በግራ ወተት የሞላ ቅል፣ በቀኝ ባዶ ቅል። በግራ የወፈረ በሬ፣ በቀኝ የከሳ በሬ። በግራ የሚስቅ ሽማግሌ፣ በቀኝ የሚያለቅስ ልጅ።

በዚሁ ቢቀር ጥሩ መጽሐፍ ይሆን ነበር፤ ከጥሩ ያሳለፈው የቦንቱ ለቅሶ ነው።

አንድ መጽሐፍ ለአርባ ስምንት ልጅ ስለማይበቃ ባርሲስቱ አግዳሚ ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግተው፣ ልጆቹን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት መሬት ላይ ያስቀምጡና መጽሐፉን መሃል ይዘረጉታል። ከወዲህ ያሉት ሥዕሉን በወጉ ያያሉ፤ ከወዲያ ላሉት ሁሉም ተዘቅዝቋል። ቦንቱ ዘወትር የሚደርሳት ቦታ ከወዲያ ነበር። አንድ ጠዋት አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ?» አሏት ባርሲስቱ።

«የእኔ በሬ ሁልጊዜ ሞቷል!» አለች። እውነቷን ነው፤ እግሩ ወደ ላይ ነበር።

ማንም አልሳቀባትም። ባርሲስቱ መጽሐፉን አጥፈው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ለሦስት ሳምንት በሰሌዳና በጠመኔ ብቻ አስተማርን። ሲመልሱት ሥዕሎቹ በሙሉ እንደ አዲስ ተሠርተው ነበር፤ እያንዳንዱ ከወዲያ በኩል ሲታይ ወደ ተቃራኒው ይለወጣል። የሚስቀው ሽማግሌ ጢም ሲዘቀዘቅ የልጅ ጎፈሬ ሆነ፤ የግንባሩ መስመር ደግሞ ጫፉ ወደ ታች የወረደ የልጅ አፍ። የሞላው ቅል ባዶ፣ ባዶው ሙሉ ሆነ። የቦንቱም በሬ በእግሩ ቆመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዱ ልጅ ገጹ ላይ መዳፉን ጥሎ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮኻል።

«ጉቱ! ሙሉ ነው!»

«ዱዋ! ባዶ ነው! ዓይንህ ጠፍቷል እንዴ?»

«ያንተ ነው የጠፋው! ሌባ! ወተቱን ማን ጠጣው ታዲያ?»

«አንተ! አፍህን ጥረግ!»

ባርሲስቱ እስኪጠግቡ ያጨቃጭቋቸውና «በሉ ቦታ ተለዋወጡ» ይላሉ። ልጆቹ ዞረው ተቀምጠው ያዩና ሌላኛውን ቃል ራሳቸው ይላሉ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ሁለቱንም ቃል ያን ዕለት የተማረ ልጅ ሲረሳው አላየሁም።

ኢንስፔክተር ሲመጣ ይህ ሁሉ ይደበቃል። መመሪያው ልጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው እንዲያዞሩ፣ ክፍል ውስጥም አማርኛ ብቻ እንዲናገሩ ያዛል። ዘበኛው መኪናዋን ከዳገቱ ሥር ሲያያት ደወሉን አንዴ ይመታል። በዚያች አንድ ምት ልጆቹ ይነሣሉ፣ ወንበሮቹ ይጎተታሉ፣ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ኢንስፔክተሩ ሲገቡ አርባ ስምንት ልጆች እንደ ወታደር ተሰልፈው «እንደምን አደሩ!» ይላሉ። አሠራራችንን የምንደብቀው እየፈራንና እያፈርንበት ነበር። በኋላ የጠቀመን ያ ፍርሃታችን ነው።

ኢንስፔክተሩ አቶ ገመቹ ነበሩ። ደሚቱን በስማቸው ብቻ የሚጠራው ሰው እሳቸው ናቸው። አንቱ የምላቸው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ራሰ በራ፣ ጢማቸው በጥንቃቄ የተከረከመ፣ ከሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው ሁለቱን ጫፍ ወደ ፊት የሚለቁ መልከ መልካም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከባርሲስቱ ጋር ሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ሰሌዳ ተካፍለው ተምረዋል። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ይገለብጣል። ባርሲስቱን ከስድስተኛ ክፍል ቤት አስቀሯቸው፤ ሴት ናቸውና። እሱ ቀጠለ።

«አካም ጅርታ፣ ደሚቱ!» አሉ ሲገቡ። እንደ እኩያ ነው ሰላምታው።

«ፋያ፣ ጎፍታ» አሉ ባርሲስቱ። «ደኅና ነኝ» ማለት ነው፤ እሳቸው ግን በስም ሳይሆን «ጎፍታ»፣ «ጌታዬ» ነው የሚሉት።

አቶ ገመቹ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አንሥተው ቆመው ገለጡት። ግራውን አዩ፤ ቀኙን አዩ። ቀጣዩን ገጽ ገለጡ፤ ግራውን አዩ፤ ቀኙን አዩ። አዙረው ግን አላዩትም፤ ልጆቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያዩት አይተው አያውቁምና።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«አንቺ? በስድስተኛ ክፍል?» ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸው ቆመና መልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። «ደሚቱ፣ ይህ ለሀገር የሚጠቅም ነው። አዲስ አበባ ልውሰደው። በስምሽ ይታተማል። በስምሽ ከታተመ በኋላ ማን ነው የምስክር ወረቀት አምጪ የሚልሽ?»

በዚያ ዓመት የምስክር ወረቀት የሌለው መምህር ይሰናበት የሚል ትእዛዝ መጥቶ ነበር። ባርሲስቱ ለአሥራ ሰባት ዓመት አስተምረዋል፤ ወረቀት ግን የላቸውም። ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ያላቸው ያ ክፍል ነው። ስማቸው መጽሐፉ ላይ ታተመ ማለት እዚያ ክፍል ይቆያሉ ማለት ነበር። መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

ከሦስት ወር በኋላ አቶ ገመቹ ጽሕፈት ቤታቸው አስጠሩኝ።

«ወይዘሪት አስካለ፣ የእጅ ጽሕፈትሽ የታወቀ ነው። የመጽሐፉን ሽፋን በእጅሽ ጻፊልኝ፤ ማተሚያ ቤቱ እንዳለ ያነሣዋል።»

የሚጻፈውን በብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። «ተቃራኒዎች፦ ለሕፃናት የተዘጋጀ የሥዕል መጽሐፍ» ይላል። ከሥሩ የአዘጋጁ ስም አለ። ስሙ የሳቸው ነው። ብዕሩን ይዤ ቀረሁ።

«ምነው? ብዕሩ አይጽፍም እንዴ?»

«ይጽፋል ጌታዬ» አልኩ።

ጻፍኩትም። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።

በማግስቱ ለባርሲስቱ ነገርኳቸው። የሰሌዳውን መጥረጊያ እያራገፉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አሳምረሽ ጻፍሽው?»

«አዎን።»

«ጥሩ። ሥራ ተበላሽቶ አይሰጥም።»

ከዚያ ለሦስት ሳምንት አላናገሩኝም። ጠዋት ሲገቡ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ሰላም ይላሉ፤ የዘበኛውን ውሻ እንኳ «ነጋ ነህ?»፣ ሰላም ነህ ወይ፣ ይሉታል፤ እኔን ያልፉኛል። ጠመኔ ስጠይቃቸው በልጅ እጅ ይልኩልኛል። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት አጠገቤ መጥተው ቆሙና እጄን ገልብጠው መዳፌን አዩት።

«የበደለኝ ይህ እጅ ነው» አሉ። «የሚክሰኝም ይኸው ነው። አፍሽ አይደለም፤ አፍሽንማ አይቼዋለሁ።»

ያን ሳምንት አቶ ገመቹ ራሳቸው መጡ። ልጆቹ በደወሉ ተሰልፈው ጠበቋቸው።

«ደሚቱ፣ ማተሚያ ቤቱ አንድ ጥንድ ገጽ ጎደለን ብሏል» አሉ። የሽፋኑን ነገር አላነሡም፤ ባርሲስቱም አልጠየቋቸውም።

«ምን ይሁን፣ ጎፍታ?»

«የተማረና ያልተማረ። በቀኝ የተማረ ሰው ይሁን፤ መጽሐፍ ደረቱ ላይ ያቀፈ። የእኔን መልክ ብትሰጪው ልጆቹ ያውቁታል። በግራ ደግሞ ያልተማረ... ሴት ብትሆን ይሻላል። ሻሽ ያሰረች። ባዶ እጇን።»

ሲናገሩ ዓይናቸው የባርሲስቱ ሻሽ ላይ ነበር። ክፋት እንኳ አልነበረበትም፤ ከፊታቸው ያለውን ነው የወሰዱት። እንደ ወትሯቸው።

«እሺ፣ ጎፍታ» አሉ ባርሲስቱ። ድምፃቸው በጣም ለስላሳ ስለነበር የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

ሥዕሉን በአራት ቀን ጨረሱት። ሲያስረክቡ አብሬያቸው ነበርኩ። አቶ ገመቹ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩትና ፊታቸው በራ።

«አይ ደሚቱ! ራሰ በራዬን እንኳ አልረሳሽም!»

«እንዴት እረሳለሁ ጎፍታ? እኔ ምንም አልረሳም።»

በወሩ የስንብቱ ደብዳቤ መጣ። የፈረሙት አቶ ገመቹ ናቸው። ባርሲስቱ ደብዳቤውን በቆሙበት አነበቡ፤ ሰሌዳውን ጠረጉ፤ የሰሌዳውን ጨርቅ አጥበው መስኮቱ ላይ አሰጡ፤ ወጡ። ልጆቹ ነገ የሚመለሱ መስሏቸው «ነጋቲ!»፣ ደኅና ይሁኑ፣ ብለው ሸኟቸው።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ድንኳን ተተከለ። ሹማምንት በወንበር ተቀመጡ፤ የጃንሆይ ፎቶግራፍ በአበባ ተከበበ፤ አቶ ገመቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ስለ ድካማቸው ይናገራሉ። ባርሲስቱ አልተጠሩም። ከባሕር ዛፍ አጥሩ ውጭ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር።

መጽሐፉ ለሁለት ልጅ አንድ አንድ ታደለ። ማንም ሳያዛቸው ልጆቹ ሣሩ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀመጡና መጽሐፉን በመካከላቸው ዘረጉት። ሌላ አቀማመጥ አያውቁማ። «ተነሡ፣ ተሰለፉ» እያልኩ በሹክሹክታ እዞራለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ወዲያው ቦንቱ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች። እንደ ልማዷ ከወዲያ በኩል ነበረች።

«ወራቤሳ!» ብላ ጮኸች። ጅብ ማለት ነው።

«የታል?» አሉ ሌሎቹ። ከዚያ ሁሉም የመጨረሻውን ገጽ አወጡ። ሜዳው «ወራቤሳ! ወራቤሳ!» በሚል ጩኸት ተሞላ።

አቶ ገመቹ ንግግራቸውን አቋረጡ። «ምንድን ነው እሱ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። ድንኳኑ በሙሉ አየኝ። ጉሮሮዬን አልጠረግሁም።

«ጨዋታ ነው ጌታዬ። ደስ ሲላቸው ጅብ ጅብ ይጫወታሉ።»

አቶ ገመቹ መወደድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ፊታቸው ፈካ፤ ጎንበስ አሉ፤ ሁለት እጃቸውን እንደ ጆሮ ጭንቅላታቸው ላይ አቆሙና «ኡዉዉዉይ!» ብለው እንደ ጅብ ጮኹ። ልጆቹ በሳቅ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ሹማምንቱ አጨበጨቡ። አንዱ «እንዲህ ነው ከሕፃናት ጋር!» ሲሉ ሰማኋቸው። አቶ ገመቹ ደግመው ጮኹ።

ያኔ ነው በቦንቱ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብዬ ከወዲያ በኩል ያየሁት። የተማረው ሰው ራሰ በራ የጅብ አገጭ ሆኗል። ወደ ታች የተለቀቁት ሁለቱ የነጠላ ጫፎች የቆሙ ጆሮዎች ናቸው። ደረታቸው ላይ ያቀፉት መጽሐፍ ግን እዚያም መጽሐፍ ነው፤ በጥርስ ተነክሷል። በሌላው ገጽ ሻሽ ያሰረችው ሴት ተገልብጣ ሌላ ሴት ሆናለች፤ ባዶ የነበሩት መዳፎች የተገለጠ መጽሐፍ ሆነው ከላያቸው አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ ታነባለች።

ወደ አጥሩ ቀና አልኩ። ባርሲስቱ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«ቢያውቁስ?» አልኳቸው።

«እንዳያውቅ! ካወቀ ጠብ ይሆናል፤ ጠብ ደግሞ ሽማግሌ ገብቶበት ይታረቃል። ሳያውቀው ሲኖር ነው በቀል የሚሆነው።»

ሽማግሌም አልቀረም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ስለ ሽፋኑ ሰምተው መጡ። ደግ ሰው ናቸው።

«ይቅር በይው፣ ልጄ። ወንጌሉም የሚለው ይህንን ነው።»

«ይቅር እላለሁ ጌታዬ። ይምጣና ይጠይቀኝ።»

«ምናልባት መበደሉን አላወቀ ይሆናል።»

«ስሙን ሲያስጽፍ ማንበብ ይችል ነበር» አሉ ባርሲስቱ። ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

አቶ ገመቹ አልመጡም። መጽሐፉ አሳድጓቸው አዲስ አበባ ተዛወሩ። ባርሲስቱ በግቢያቸው ዋንዛ ሥር የሠፈሩን ልጆች ማስተማር ጀመሩ፤ ወላጆች በቆሎና ወተት ያመጡላቸዋል። እኔም ዓመቴን ጨርሼ ተመለስኩ፤ ተመርቄ መጻሕፍት በሚዘጋጁበት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። አፍ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ እጅ ብቻ።

ባርሲስቱን መጨረሻ ያየኋቸው ያለፈው ክረምት ነው። አልጋ ላይ ነበሩ። ጣቶቻቸው አብጠው ከሰል አይጨብጡም፤ ሰማያዊው ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥፍራቸው ለቋል። በቀላቸው ያረካቸው ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር።

«የነቀምቴ ልጅ ጅቡን ያውቀዋል» አሉኝ። «የሌላው አገር ልጅስ? በወንበር ተሰልፎ ከወዲህ ብቻ ነው የሚያየው። እሱን የተማረ፣ እኔን ባዶ እጄን። ስንት አገር ባዶ እጄን አቆመኝ፣ ኢንታሎ?»

ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

«እጅሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው።»

«አልረሳሁትም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የቦንቱ ደብዳቤ በደረሰኝ በሳምንቱ አንድ ሰነድ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። «ተቃራኒዎች» እንደገና ሊታተም ነው፤ ለሁሉም ጠቅላይ ግዛት። የእኔ ድርሻ ፊደሉን አርሞ ለኃላፊው ማቅረብ ነው። ኃላፊው አቶ ገመቹ ናቸው። አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ስንሠራ ነቀምቴ የነበርኩት ልጅ መሆኔን አላስታወሱም። ሽፋኑን የጻፈው እጅ የማን እንደ ሆነም ረስተዋል።

ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለው ገጽ ባዶ ነበር። ወረቀት አወጣሁ፤ ብዕሬን ጠረግሁ፤ በዚያው በድሮው ጽሕፈቴ ጻፍኩ።

«ይህ መጽሐፍ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ሁለት ሕፃናት ከወዲህና ከወዲያ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚመለከቱት ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የሚያዩትን ይናገሩ፤ ቀጥሎም ቦታ ይለዋወጡ። የመጨረሻው ገጽ እንዳይታለፍ።»

ከመጽሐፉ ጋር ይዤላቸው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ለመምህራን የሚሆን መመሪያ ነው ጌታዬ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ልጅ ስለሚደርስ ነው።»

ሁለቴ አነበቡት። «ብልህ ሐሳብ ነው» አሉ። «በጣም ብልህ። ከላዩ ‹ከአዘጋጁ የተሰጠ ምክር› በይበት።»

ቆሜ ጻፍኩበት። አሳምሬ።

መጽሐፉ በመካከላችን የመጨረሻው ገጽ ላይ ተገልጦ ነበር። እሳቸው ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ። ሊፈርሙ ጎንበስ ሲሉ ራሰ በራቸው ከመጽሐፉ በላይ አበራ፤ ከእኔ በኩል ጅቡ መጽሐፉን ነክሶ ሽቅብ ያየኛል።

«ምነው ፈገግ አልሽ?»

«ሥዕሉን አይቼ ነው ጌታዬ» አልኩ። ጉሮሮዬ ጥርት ብሎ ነበር። «ቁርጥ እርስዎን።»

«ያቺ ረዳቴ እጇ ጥሩ ነበር» አሉና ፈረሙ።